ማርያም የሳመችው ነው ወይስ ሌላ? የአራስ ልጅ የደም ሥር ምልክት በምስል ሲመረመር

ነገሩ የተጀመረው እንደ ብዙው ነገራችን ቡና ላይ ነው። ከቤታችን ሦስተኛ በር ላይ ያለች ጎረቤታችን ከወለደች ገና አምስተኛ ሳምንቷ ነበር። ልጁ ሲወለድ በግራ ዓይኑ ቆብ ላይ ቢንቢ የነከሰው የምትመስል ትንሽ ምልክት ብቻ ነበረችው። ማንም ልብ አላላትም። በሁለተኛው ሳምንት ቀላች፣ በሦስተኛው አበጠች፤ የዚያን ቀን ለቡና ስንሰበሰብ ግን የበሰለች እንጆሪ አክላ ዓይኑን እስከ ግማሽ ሸፍናው አየናት።

ወሬው ወዲያው ተነሳ። አንዷ "ማርያም የሳመችው ነው፣ ምንም አይደል" አለች። ሌላዋ እናቲቱን ገልመጥ አድርጋ "እርጉዝ ሳለሽ ያማረሽ ነገር ቀርቶብሽ ነው፤ አምሮት ነው" አለቻት። (እውነት ለመናገር በዚህ ካምፕ አርግዛ ያማራትን ሁሉ የበላች ሴት እኛ አላየንም። አምሮት ምልክት የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ የካምፑ ሕፃን በሙሉ ዥጉርጉር ይሆን ነበር።) አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደግሞ "አገር ቤት ሳለን እንዲህ ያለውን በጋለ ወስፌ ነበር የምንተኩሰው፤ ቶሎ ካልተተኮሰ ይስፋፋል" አሉ። እናቲቱ ልጇን ወደ ደረቷ አስጠግታ ዝም አለች። ከዚያ ወደ እኛ ዞር ብላ "ቲቸር፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?" አለችን።

እኛ አስተማሪ እንጂ ሐኪም አይደለንም። ይሁንና ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ስለምንሞክር በማግስቱ አስተርጓሚ ሆነን አብረናት ሄድን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያየነውን፣ ሐኪሞችን ጠይቀን የተረዳነውንና ያነበብነውን ነው በዚህ ዕትም የምናካፍላችሁ።

በመጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ያገኘናት ነርስ ልጁን ካለበት ሆና አየችውና "በራሱ ይጠፋል፣ ከዓመት በኋላ አምጪው" ብላ መለሰችን። የተናገረችው ግማሽ እውነት ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። እንዲህ ያለው እብጠት አብዛኛውን ጊዜ በእርግጥ በራሱ ይከስማል። ዓይን ላይ ሲሆን ግን ዓመት አይጠበቅም። የሕፃን ዓይን ማየትን የሚማረው በማየት ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተሸፈነ አንጎል የዚያን ዓይን መልእክት መቀበል ይተዋል፤ በኋላ እብጠቱ ቢጠፋ እንኳ ዓይኑ "ሰነፍ" ሆኖ ሊቀር ይችላል። ይህንን የነገረን ከሁለት ቀን በኋላ በሌላ ቦታ ያገኘነው ክሊኒካል ኦፊሰር ነው። እሱ አጎንብሶ አየ፣ በጣቱ ነካ፣ ከዚያም ሦስት ጥያቄ ጠየቀ። ሲወለድ ነበረ ወይስ በኋላ መጣ? እያደገ ነው ወይስ እንደነበረ ነው? በሌላው ሰውነቱ ላይስ ስንት አለው?

እነዚህን ጥያቄዎች እያንዳንዷ አራስ በቃሏ ብትይዛቸው ደስ ይለናል። የደም ሥር ምልክት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለምና መልሳቸው ነገሩን ለሁለት ይከፍለዋል። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለብዙ ዘመን ሁሉንም በአንድ ስም እየጠሩ ሲደናገሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 ሙሊከንና ግሎዋኪ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የእብጠቶቹን ሴሎች በማይክሮስኮፕ ተመልክተው ሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች መሆናቸውን አሳዩ። አንደኛው ሄማንጂዮማ ይባላል። ሲወለድ የለም ወይም እንደ ጭረት ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሴሎቹ እየተባዙ ያድጋል፣ ከዚያ ይቆማል፣ ከዚያም በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይከስማል። ሁለተኛው የደም ሥር አፈጣጠር ጉድለት ነው። ይህ በማህፀን ውስጥ ሥሮቹ ሲሠሩ የተፈጠረ ስህተት ስለሆነ ከልጁ ጋር ይወለዳል፣ ከልጁ ጋር ያድጋል፣ በራሱም አይጠፋም። ስለዚህ "ተዉት ይጠፋል" የሚለው ምክር ለአንዱ ሲሠራ ለሌላው አይሠራም።

ሄማንጂዮማ ከመቶ ሕፃናት በአራት ወይም በአምስቱ ላይ ይታያል። ሴቶች ልጆች፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱና ክብደታቸው አነስተኛ የሆኑ ሕፃናት ላይ ይበዛል። አጥብቆ የሚያድገው ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እዚህ ላይ ነው የእኛ ኑሮ ከሕክምናው ጋር የማይገጥመው። ሪፈራል ጽፎ፣ ተራ ጠብቆ፣ መኪና ተገኝቶ እስኪኬድ ድረስ እብጠቱ ሊያድግ የሚችለውን አድጎ ይጨርሳል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አስጊ ቦታ ላይ ያለ ሄማንጂዮማ ልጁ አንድ ወር ሲሞላው በባለሙያ እንዲታይ ይመክራል። እኛ ዘንድ አንድ ወር ማለት ወረቀቱ ገና ጠረጴዛ ላይ ያለበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ምስሉ እንምጣ። ሐኪም በመጀመሪያ የሚጠቀመው ዓይኑንና ጣቱን ነው፤ ለብዙው ልጅ ይኸው ይበቃል፣ ምስልም አያስፈልገውም። የሚጠራጠርበት ነገር ሲኖር፣ ጥልቀቱን ማወቅ ሲፈልግ ወይም ውስጥ ሌላ አለ ብሎ ሲያስብ ቀድሞ የሚያዘው አልትራሳውንድ ነው። እናቶች እርግዝና ሲታዩ የሚያውቁት ያው መሣሪያ ነው። ጨረር የለውም፣ አያምም፣ ልጁ እናቱ ጭን ላይ ሆኖ ይሠራለታል።

የሌሊት ወፍ በጨለማ እንዴት ግድግዳ ሳትመታ እንደምትበር ተማሪዎቻችንን ስንጠይቅ መልሱን ያውቁታል፤ ድምፅ ትልካለች፣ የሚመለሰውን ማሚቶ ትሰማለች። አልትራሳውንድም ጆሯችን የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ሥጋ ይልካል፤ ከሚመለሰው ማሚቶ ሥዕል ይሠራል። ፈሳሽ ያለበት ቦታ ጥቁር ሆኖ ይታያል፣ ጠጣር የሆነው ነጣ ይላል። ይህ ግን ቅርጹን ብቻ ነው የሚነግረን። ደሙ ይሂድ ይቁም የሚያሳየው ዶፕለር የሚባለው ክፍል ነው። ከሎድዋር የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፣ አልፎን ሲሄድ ይወፍራል፤ ሁላችንም ሰምተነዋል። የኦስትርያው ሰው ክርስቲያን ዶፕለር ይህንን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1842 ሲጽፍ የሚያስበው ስለ ከዋክብት ቀለም ነበር እንጂ ስለ ሕፃን ደም አልነበረም። መሣሪያው ግን በዚሁ ሕግ ወደ እሱ የሚመጣውን ደምና ከእሱ የሚሸሸውን ደም ይለያል፤ አንዱን ቀይ፣ ሌላውን ሰማያዊ አድርጎ ይቀባዋል።

ቀኑ ደርሶ እዚያች ጨለማ ክፍል ስንገባ ልጁ ሰባት ሳምንት ሞልቶት ነበር። ቀዝቃዛውን ቅባት ሲቀቡት ጮኸ። የምስል ባለሙያዋ "ጡት ስጪው፣ ሲያለቅስ የደሙ አካሄድ ይለወጥብኛል" አለች፤ እኛም ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን ተረጎምን። ስክሪኑ ላይ ቀይና ሰማያዊ ሲንቦገቦግ እናቲቱ ደነገጠች፤ "ሰማያዊው የተመረዘ ደም ነው እንዴ?" አለችን። አይደለም። የአቅጣጫ ምልክት ነው፣ በቃ። እንዲያውም ደም ቅዳና ደም መልስ ማለት እንኳ አይደለም፤ መሣሪያውን አዙረው ቢይዙት ቀዩ ሰማያዊ ይሆናል።

ታዲያ ባለሙያዋ ምን ትፈልግ ነበር? ጠጣር እብጠት ካለና ውስጡ ፈጥኖ በሚሮጥ ደም የተሞላ ከሆነ ሄማንጂዮማ ወደመሆኑ ያዘነብላል። ጠጣር ነገር ሳይኖር የተጠላለፉ ሥሮች ብቻ ከታዩ፣ ደሙም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ በቀጥታ የሚዘል ከሆነ፣ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ በእጅ ሲነካ ይሞቃል፣ ትርታም አለው። ደሙ ከመዘግየቱ የተነሳ የማይታይ፣ መሣሪያው ጫን ሲል የሚጨማደድ፣ ልጁ ሲያለቅስ የሚነፋ ሰማያዊ እብጠት ደግሞ የደም መልስ ጉድለት ነው። አንገት ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ለስላሳ እብጠት ጥቁር የውሃ ከረጢቶች ሆኖ ከወጣና ውስጡ ምንም የደም እንቅስቃሴ ከሌለ የሊምፍ ሥር ጉድለት ነው። ሁሉም ከላይ ሲታዩ "እብጠት" ናቸው። ሕክምናቸው ግን አይገናኝም። አንዳንዴ ደግሞ እነዚህን የሚመስል ሌላ ዕጢ ሊሆን ስለሚችል ሥዕሉ ካላሳመናቸው ሥጋ ቆንጥረው ይመረምራሉ።

የእኛ ልጅ ላይ የታየው የመጀመሪያው ነው። እብጠቱ ከቆቡ አልፎ ወደ ዓይን ጉድጓድ አልዘለቀም። እሱን ስትነግረን የባለሙያዋ ፊት ፈካ፤ ጠልቆ ቢሆን ኖሮ ኤም አር አይ ሊያስፈልገው ነበርና።

ስለ ኤም አር አይና ስለ ሲቲ ስካን ብዙ ጥያቄ ስለሚቀርብልን ጥቂት እንበል። ሲቲ ስካን በኤክስሬይ ጨረር የሚሠራ ነው፤ ፈጣን ቢሆንም ሕፃን ለጨረር ከአዋቂ ይበልጥ ስለሚጎዳ ሐኪም ሲቸግረው ነው የሚያዘው። ኤም አር አይ ጨረር የለውም፣ በትልቅ ማግኔት ነው የሚሠራው፤ ነገር ግን ይጮኻል፣ ጊዜ ይወስዳል፣ ልጁም መንቀሳቀስ የለበትም። ብዙዎች "ልጄን አደንዝዘው ሊገድሉብኝ ነው" ብለው ይፈራሉ። ለአራስ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ ሳይሰጥ ይቻላል። ዘዴው እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩት ነው፤ ልጁን ጥግብ አድርጎ ማጥባት፣ ጥብቅ አድርጎ መጠቅለል፣ ጆሮውን መሸፈን፣ እስኪተኛ መጠበቅ። ትልልቅ ሆስፒታሎች ይህንን እንደ ደንብ ይሠሩበታል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ቀጠሮ ስትሄዱ ሞቅ ያለ መጠቅለያ ይዛችሁ ሂዱ፤ መቼ እንደምታጠቡም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከላይ ምንም የማይታይባቸውም አሉ። ከሁሉ ይልቅ ያስጨነቀን የዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። አንድ አራስ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ጡት ሲይዝ ያልበዋል፣ ቶሎ ይደክማል፣ ልቡ ትልቅ ሆኖ ይገኛል። ሰው ሁሉ የሳንባ ምች ነው ወይም የልብ በሽታ ነው ይላል። አንዳንዴ ግን ልቡ ጤነኛ ነው፤ በሽታው ያለው ጭንቅላት ውስጥ ነው። በጥንቱ ሐኪም በጋሌን ስም የሚጠራ በአንጎል መካከል ያለ ደም መልስ አለ። በጽንሱ የመጀመሪያ ሳምንታት እዚያ ቦታ የነበረና በኋላ መጥፋት የነበረበት ሥር ሳይጠፋ ይቀርና ደም ቅዳዎች በቀጥታ ይገቡበታል። በመካከል ደሙን የሚያዘገዩት ቀጫጭን ሥሮች የሉም። ቧንቧው የተቀደደ የውሃ መስመር አስቡ፤ ፓምፑ ሌሊትና ቀን ቢሠራ ውሃው በቀዳዳው ያልቃል፣ ሰፈሩ ይጠማል፣ ፓምፑም ይቃጠላል። ልብ ማለት እዚህ ላይ ፓምፑ ነው።

ይህ በጣም ብርቅ በሽታ ነው፤ ሳል የያዘው ልጅ ሁሉ እናት እንድትሸበር አንፈልግም። የምንጽፈው ምርመራው እጅግ ቀላል ስለሆነ ነው። የአዋቂ ራስ ቅል ድምፅ አያሳልፍምና አልትራሳውንድ አንጎሉን አያይም። የአራስ ልጅ ግን እርግብግቢት አለው። እናቶቻችን ቅቤ የሚቀቡት ያ ለስላሳ ቦታ አጥንት የሌለበት መስኮት ነው፤ መሣሪያውን እዚያ ላይ ቢያስቀምጡት የአንጎል መካከል ይታያል። የጋሌን ሥር ካበጠ ጥቁር ክብ ሆኖ ይወጣል፣ ዶፕለሩ ሲከፈት ክቡ በቀለም ይሞላል። አንዳንዴ መሣሪያ ሳይኖር እንኳ ሐኪሙ ማዳመጫውን እርግብግቢቱ ላይ ቢያደርግ የሚፈስ ወንዝ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ያ መስኮት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ዕድሜ ይዘጋል። የጀርባ አጥንትም እንዲሁ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ገና ስላልጠነከረ ድምፁ አልፎ ሕብለ ሰረሰሩን ያሳያል፣ በኋላ ግን አይሆንም። ወገብ መካከል ላይ ትልቅ ሄማንጂዮማ ያለበት ልጅ በጊዜ አልትራሳውንድ እንዲታይ የሚባለውም ለዚህ ነው።

የጋሌን ሥር ሕክምና ቀጭን ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ ቀዳዳውን ከውስጥ መድፈን ነው። ይህንን የሚሠሩ ሆስፒታሎች በዓለም ላይ ጥቂት ናቸው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በቦስተን ከተማ በዶክተር ዳረን ኦርባክ የተመራ ቡድን ይህንን ልጅቷ ገና ማህፀን ውስጥ ሳለች በ34ኛ ሳምንቷ ሠራው፤ መርፌው በእናቷ ሆድ በኩል፣ በአልትራሳውንድ እየተመራ እስከ ልጅቷ አንጎል ደረሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ተወለደች፣ ከዚያም በደህና ቤቷ ገባች። እውነቱን እንናገር፣ ከዚህ ካምፕ ተነስቶ እዚያ መድረስ የሰማይ ያህል ሩቅ ነው። ነገር ግን "የልብ በሽታ" ተብሎ የተጻፈ ወረቀትና "የአንጎል ደም ሥር" ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ወደ ተለያየ በር ይሄዳሉ፤ ትክክለኛውን ስም የያዘ ወረቀት ከሌለ ሪፈራሉ ከመነሻው ይሳሳታል።

ሌላው ያስገረመን የሄማንጂዮማ መድኃኒት ነው። ፕሮፕራኖሎል ለልብና ለደም ግፊት ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ አሮጌ መድኃኒት ነው። በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ ዶክተር ክሪስቲን ሌዮቴ ላብሬዝና ባልደረቦቿ አፍንጫው ላይ ትልቅ ሄማንጂዮማ ለነበረው ልጅ ሌላ መድኃኒት ሲሰጡት ልቡ ወፈረበት፤ ለልቡ ብለው ፕሮፕራኖሎል ጀመሩለት። በማግስቱ እብጠቱ ለስልሶ፣ ቅላቱ ወደ ወይን ጠጅ ተለውጦ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2008 ለዓለም አሳወቁ፤ ዛሬ ለአስጊው ሄማንጂዮማ መጀመሪያ የሚታዘዘው እሱ ነው። አደራ ግን! ጎረቤት ለደም ግፊት የሚውጠውን ክኒን ሰብሮ ለሕፃን መስጠት ልጁን ሊገድለው ይችላል። መጠኑ በኪሎ ይሰላል፣ ከጠባ ጋር ይሰጣል፤ ልጁ ሲታመምና አልጠባም ሲል በደሙ ያለው ስኳር ሊወርድ ስለሚችል እንዳይሰጠው ሐኪሞቹ አጥብቀው ነግረውናል።

መጻሕፍቱ ላይ ያሉት ሥዕሎች አብዛኞቹ የነጭ ሕፃናት ናቸው፣ "ደማቅ ቀይ" ይላሉ። በእኛ ልጆች ቆዳ ላይ ቅላቱ ጠቆር ብሎ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ስለሚታይ ባለሙያም ሊያልፈው ይችላል። ልጁን በቀን ብርሃን፣ ልብሱን አውልቃችሁ እዩት። በአንጻሩ ታችኛው ጀርባና መቀመጫ ላይ ብዙ የእኛ ልጆች ይዘውት የሚወለዱት ሰማያዊ ጥላ የደም ሥር አይደለም፤ የቆዳ ቀለም ነው፣ በዓመታት ይደበዝዛል፣ ምንም አይጠየቅበትም።

ሳትዘገዩ ሂዱ የምንላችሁ ግን እነዚህን ስታዩ ነው፤ ዓይን አጠገብ፣ አፍንጫ ወይም ከንፈር ላይ ያለ ሲያድግ፤ አገጭና አንገት ላይ ኖሮ ልጁ ሲተነፍስ ድምፅ ሲያሰማ (ጉሮሮው ውስጥም ሊኖር ይችላልና)፤ ሲቆስልና ሲደማ። በሰውነቱ ላይ አምስትና ከዚያ በላይ ከቆጠራችሁም ጉበቱ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ጠይቁ፣ በጉበት ላይም ሊወጣ ይችላል። ፊቱን በሰፊው የያዘ ከሆነ አንጎሉና ልቡም ይታያሉ። ግንባሩ ላይ ከልደቱ ጀምሮ ዝርግ ሆኖ እንደ ወይን ጠጅ የቀላ ካለና ልጁን የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ደግሞ ለአንድ ቀን እንኳ አትጠብቁ።

ስለ መተኮስ እንከራከር የሚሉን አልጠፉም። እብጠቱ እኮ ደም ነው። የጋለ ብረት ሲነካው ይደማል፣ ይመረቅዛል፣ ጠባሳው ደግሞ ከሄማንጂዮማው በተለየ በራሱ አይጠፋም። እድሜ ጠገቧን እናት ይህንን በጨዋ ደንብ አስረድተናቸዋል፤ "እናንተ ፊደል የቆጠራችሁ መቼም" ብለው ስቀው ቡናቸውን ጠጡ። ልጁ ግን አልተተኮሰም።

ያ ክሊኒካል ኦፊሰር ለእናቲቱ አንድ ሥራ ሰጥቷት ነበር። ጥርት ያለ ላስቲክ እብጠቱ ላይ ሳታጫን አስጠግታ ዙሪያውን በእስክሪብቶ እንድትስል፣ ሥሩ ቀኑን እንድትጽፍ፣ በየሳምንቱ እንድትደግመው። የተማሪ ደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ከእኛ ወሰደች። ላስቲኩን ከራሽን ካርዷ ጋር ነው የምታስቀምጠው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ያሉት ሦስቱ ክቦች አንዱ ከሌላው ይሰፋሉ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለቱ እኩል ናቸው። ባለፈው እሑድ ስድስተኛውን ስትስል እኛም ነበርን፤ ከአምስተኛው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ልጁ በሁለቱም ዓይኑ እስክሪብቶውን ይከተል ነበር።